የእትዬ ማስታገሻ

የያዙኝ ከሥራ ቦታዬ ነው። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጠዋት ላይ ለአንዲት እናት የልጇን የሳል ሽሮፕ አጠቃቀም እያስረዳሁ ሳለ ሦስት ሰዎች ገቡ። ሁለቱ የደንብ ልብስ ለብሰዋል፤ ሦስተኛው ጃኬት ነው ያደረገው። ባለ ጃኬቱ እናትየዋ ጨርሳ እስክትወጣ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ «ጋዋንሽን አውልቂና ተከተይን» አለኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ጫካ ላሉት መድኃኒት የሚያቀብለው ማን እንደሆነ ትነግሪናለሽ» አለ። በታሰርኩበት ጊዜ ሁሉ ከዚህች ዓረፍተ ነገር የዘለለ ክስ አልሰማሁም።

ያስገቡኝ ክፍል ከፖሊስ ጣቢያው ግቢ ጥግ፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር ያለች ቆርቆሮ ክዳን ቤት ናት። ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ ሳትሆን አትቀርም። ግድግዳዋ ላይ የመደርደሪያ ምስማሮች ቀርተዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውንና ፌስታላቸውን ይሰቅሉባቸዋል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ሰማያዊ ሸራ ተነጥፎበታል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ለዓይኔ ጨለመብኝና ባለሁበት ቆምኩ። ማን የት እንደተቀመጠ ሳልለይ አንዲት ሴት «አካም ጅርታ፣ ኦቦሌቲ» አለችኝ። እንደምን ነሽ እህቴ ማለቷ ነው። ቀጥላ በአማርኛ «ጫማሽን በር ጋ አውልቂና ነይ፤ ከእኔ ጎን ቦታ አለ» አለች።

በኋላ እንዳወቅኩት ሲሬ ከተማ ኦሮምኛ የምታስተምር ሴት ናት። ሁሉም «በርሲፍቱ» ይሏታል፣ አስተማሪዋ ማለት ነው። የታሰረችው ስብሰባ ላይ በተናገረችው ነገር ነው። ምን እንደተናገረች ስጠይቃት «ጥያቄ ነው የጠየቅኩት። መልሱ ይኸው» ብላ ግድግዳውን አሳየችኝ።

ከበርሲፍቱ ቀጥሎ፣ ብርሃን በምትገባባት ብቸኛ መስኮት ሥር እትዬ ነበሩ። ከአንገር ጉቲን የመጡ፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት ናቸው። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ሲመጡ አዲስ ሙሽራ እንደነበሩ ይናገራሉ፤ እዚያው ቆላ ውስጥ ወልደው፣ እዚያው ባላቸውን ቀብረዋል። ንግግራቸው ግን ወሎን አልለቀቀም። የመጨረሻ ልጃቸው በገበያ ቀን ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ልጁን ፍለጋ ነቀምቴ ድረስ መጥተው ሲጠይቁ «ልጅሽ ጫካ ገብቷል፤ ያለበትን ተናገሪ» ተብለው እሳቸው ራሳቸው ታሰሩ። መርማሪው ልጅሽ የት አለ ይላቸዋል። እሳቸውም መልሰው ልጄ የት አለ ይሉታል። ሦስት ጊዜ ተጠርተው ሦስቱንም ጊዜ ይኸው ነው ያወሩት።

ሰባት ሴቶች ነበርን። ስለዚያ ክፍል ሳስብ በመጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ማለዳው ነው። እትዬ ሁላችንንም ቀድመው ተነሥተው፣ ከጆጓቸው ቆጥበው በሚያፈሷት ውኃ ተጣጥበው፣ መስኮቱን ወደ ጎን ትተው ይሰግዳሉ። እሳቸው ሲጨርሱ በርሲፍቱ የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር በለሆሳስ ትጀምራለች፤ ድምፅዋን ከፍ ካደረገች በሩ ስለሚደበደብ ከንፈሯን ብዙም አታንቀሳቅስም። እኔ ደግሞ አባታችን ሆይ እላለሁ። ከዚያ ሁላችንም «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» እንባባላለን። ሌሊቱን ጎን ለጎን ተጣብቀን ያደርን ሰዎች፣ ከሩቅ መንደር እንደተገናኘን ሁሉ ማንንም ሳንዘል ነበር የምንጠያየቀው።

ምግብ ከየቤታችን ሲገባ አንድ ላይ ይደባለቃል። ከሲሬ አንጮቴ ይመጣል፤ በርሲፍቱ ሥሩን በእጇ ቆራርሳ ለሁላችንም ታካፍላለች። እትዬ መጀመሪያ ቀን «ድንች ነው?» ብለው ሲጠይቋት የተቆጣችው መቆጣት እስከ ዛሬ ያስቀኛል። «አርባ ዓመት ወለጋ ኖረው አንጮቴን ድንች ይላሉ?» አለቻቸው። እትዬም «ቆላ ነዋ የጣሉን፤ ከየት አግኝተን እንብላው?» አሉ። ከዚያ በኋላ እትዬ አንጮቴ ሲመጣ ቀድመው እጃቸውን የሚሰዱ ሆኑ።

እትዬ የሚጥል በሽታ አለባቸው። ለብዙ ዓመታት በየቀኑ አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን ሲውጡ ኖረዋል፤ ፌኖባርቢታል ይባላል። አንጎልን የሚያረጋጋ መድኃኒት ስለሆነ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ሰውነት ከለመደው በኋላ በድንገት ማቋረጥ ግን አደጋ አለው፤ ሰውየውን ደጋግሞ ሊጥለውና ሊገድለውም ይችላል። የያዙት ክኒን ሲያልቅ ምራታቸው አዲስ ብልቃጥ ከምሳው ጋር ይዛ መጣች። በር ላይ የነበረው ፖሊስ በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ስም ወደ ስልኩ አስገባ፤ ስልኩም «አደንዛዥ» የሚል ትርጉም አወጣለት። ምሳው ገባ። ብልቃጡ የጣቢያው አዛዥ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ይህን የነገረችን ምግብ የምታስገባልን ሴት ፖሊስ ናት።

ክኒኑ በተቋረጠ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ መቁጠሪያቸውን ሲይዙ ጣቶቻቸው ሲንቀጠቀጡ አየሁ። ላብ አጥምቋቸዋል። «ብርድ ነው» አሉኝ። ብርድ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ተነሥቼ በሩን መታሁ፤ ሴትዮዋ ፖሊስ ስትመጣ አዛዡን ማነጋገር እፈልጋለሁ አልኳት። ጥቂት ቆይታ ወሰደችኝ።

አዛዡ ወፍራም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ብልቃጧ ከፊቱ፣ ከማኅተሙ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?» አለኝ።

«አውቃታለሁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ናት።»

«ስልኩ እንደዚያ አይልም። አደንዛዥ ነው የሚለው። አደንዛዥ ዕፅ ደግሞ እስረኛ ክፍል አይገባም።»

«አደንዛዥ ዕፅ አይደለም፣ ጌታዬ። ማስታገሻ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለቱም ያስተኛሉ።»

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን አፌ ተሳሰረ። ስለ መጠኑ ላስረዳው ጀምሬ ተደነቃቀፍኩ፤ ስለ በሽታው ልናገር ብዬ መሐል ላይ ጠፋብኝ። እሱ እስክጨርስ ጠብቆ «አንቺ ራስሽ በመድኃኒት የተያዝሽ ሰው ነሽ። ባንቺ ቃል ነው ይህን የማስገባው?» አለ። ክፋት ያለው ሰው አነጋገር አልነበረም፤ የሰለቸው ሰው አነጋገር ነው። በእጁ ሂጂ አለኝ።

ተመልሼ ገብቼ የሆነውን ስነግራቸው በርሲፍቱ ወዲያው ቃሉን ያዘች። የአስተማሪነት አመሏ ነው።

«ቆይ፣ ማስታገሻ ምን ማለት ነው?» አለች።

አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ነቀምቴ አማርኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነበር። ማታ ማታ ቃል እያስፈታ ነው ያሳደገን። እንደ እሱ በጣቴ እየቆጠርኩ «ታገሠ፣ አስታገሠ፣ ማስታገሻ» አልኳት። «በግዕዝ ተዐገሠ ነው። ትዕግሥትም ከዚያው ነው የመጣው። ሲፈታ፣ ሰውን ታጋሽ የሚያደርግ ነገር ማለት ነው። ኮሌጅ ያስተማረን ሰው ደግሞ የፈረንጆቹም ቃል፣ ሴዳቲቭ የሚሉት፣ መነሻው አረጋጋ፣ አሳረፈ የሚል ነው ይለን ነበር።»

«አደንዛዥስ?»

«እሱ ሌላ ነው። ደነዘዘ።»

«በቃ የኛ ሃዶቹ ነዋ!» አለች። «እግርሽ ላይ ተቀምጠሽ ደም ሲያጣ ሃዶዴ እንላለን። ተማሪዎቹን ስለ ሱስ ስናስተምር ቆሪቻ ሰሙ ሃዶቹ ነው የምንለው፤ አእምሮ የሚያደነዝዝ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ክኒን ግን ገበያ ውስጥ ሰው ቆሪቻ ሂሪባ ይለዋል፤ የእንቅልፍ መድኃኒት። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚጠራ ኦሮምኛ ተናጋሪ የለም።» ትንሽ አሰበችና ቀጠለች። «ትዕግሥት በኛ ኦብሳ ነው። ኦብሳ ያለው ሰው ነቅቶ ነው የሚችለው። የደነዘዘ ሰው ምኑን ይታገሣል?»

እትዬ ጋደም ካሉበት ቀና አሉ።

«እኔ ስሙን አላውቀው ልጀ። ሐኪሙ ሲሰጠኝ ይችን እየዋጡ ይታገሡ ነው ያለኝ። ታገሥሁ። ደንዝዤ ግን አላውቅም። ብደነዝዝማ ልጀን በረሳሁት።»

በርሲፍቱ የብስኩት ካርቶን ቀደደችና ከሴትዮዋ ፖሊስ እስክሪብቶ ለመነች። በግራ በኩል በኦሮምኛ፣ በቀኝ በኩል በአማርኛ ጻፍነው። ይህ መድኃኒት አደንዛዥ ዕፅ አይደለም፤ የሚጥል በሽታን የሚያስታግስ ነው፤ በድንገት ከተቋረጠ ሰው ይሞታል። እሷ የእኔን አማርኛ አረመች፣ እኔ የእሷን ኦሮምኛ ፊደል ስታሳምር ጠበቅኳት። ሴትዮዋ ፖሊስ ካርቶኑን ካፖርቷ ውስጥ ከትታ ሄደች።

መልስ ከመምጣቱ በፊት እትዬ ወደቁ። ምሳ ሰዓት ገደማ ነበር። ተቀምጠው ውኃ ሊቀዱ እጃቸውን ወደ ጆጉ ሲዘረጉ ድንገት ድምፅ አወጡና ተንጋለሉ፤ መላ አካላቸው ይንፈራገጥ ጀመር። ጆጉ ተገለበጠ። አንዷ «ክብሪት! ክብሪት ጫሩላቸው!» ብላ ጮኸች። ሌላዋ ማንኪያ አፋቸው ውስጥ ልትከት ስትል እጇን ያዝኳት። በርሲፍቱ ጭንቅላታቸው ሲሚንቶው ላይ እንዳይመታ ነጠላዋን አጣጥፋ ከሥሩ ሰደደች። በጎናቸው አስተኛናቸውና ጠበቅን። እኔ በልቤ እቆጥር ነበር። እየረዘመ ሲሄድ ቁጥሩ ጠፋኝና እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። በመጨረሻ መንፈራገጡ ተወ፤ ከባድ ትንፋሽ ተነፈሱ። ልብሳቸው ረጥቦ ነበር። ወጣቶቹ ሴቶች ማንም ሳይጠይቃቸው ጀርባቸውን ሰጥተው በነጠላ ጋረዱልንና ቀየርንላቸው።

ይኼኔ በሩ ተከፈተ። አዛዡ ነው፤ በአንድ እጁ ብልቃጧን፣ በሌላው ካርቶናችንን ይዟል። ወለሉ ላይ ያሉትን እትዬን ለአፍታ አያቸው። ቀጥሎ ወደ በሩ ጠራኝ።

«አንብቤዋለሁ» አለ ካርቶኑን እያሳየኝ። «እሺ፣ ማስታገሻ ይሁን። አሁን ስሚኝ። ከሰዓት የእስረኛ አያያዝ የሚያዩ ሰዎች ይመጣሉ። አሮጊቷ ሰው ባየች ቁጥር ልጄ የት አለ ትላለች። አራት ስጫት። እስኪሄዱ ትተኛ።»

ያን ቀን ጠዋት መልስ አጥቼ የተሳሰርኩት እኔ፣ አሁን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ገረመኝ።

«አራት አልሰጥም» አልኩት። «አንድ ነው የሚሰጣቸው፤ እሱንም በደንብ ሲነቁ ነው።»

«ትዕዛዝ ነው።»

«አሁን አራት ቢወስዱ ትንፋሻቸው ሊቆም ይችላል። እርስዎ በእጅዎ ሊሰጧቸው ይችላሉ፤ እኔ አልከለክልዎትም፣ አቅምም የለኝ። ሰዎቹ ሲመጡ ግን ማን ስንት እንደሰጠ እናገራለሁ።»

በርሲፍቱ ከኋላዬ መጥታ ጎኔ ቆመች። «አኒስ አርጌራ» አለችው፣ በቋንቋው። እኔም አይቻለሁ ማለቷ ነው። አዛዡ እሷን አየ፣ እኔን አየ። መዳፌን ዘርግቼ እንደቆምኩ ነበር። ብልቃጧን ከፍቶ አንዲት ክኒን መዳፌ ላይ ጣለ። ብልቃጧን ለሴትዮዋ ፖሊስ ሰጣትና «በቀን አንድ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ «ያንቺን ጉዳይ በኋላ እናየዋለን» ብሎ ሄደ።

እትዬ ሲነቁ የት እንዳሉ ጠየቁን። መጀመሪያ ውኃ ብቻ አስጎነጨኋቸው፤ በደንብ እንደዋጡ ሳረጋግጥ ክኒኗን ሰጠኋቸው። የሆነውንም አልደበቅኳቸውም። ሰዎች እንደሚመጡና በአራት ክኒን ተኝተው እንዲቆዩ እንደተፈለገ፣ እኔ ግን አንዲት ብቻ እንደተቀበልኩ ነገርኳቸው።

«እና አልተኛም?» አሉ።

«አይተኙም።»

«ቢስሚላህ» ብለው ዋጧት።

ሰዎቹ የመጡት ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የእግራቸውን ኮቴ ስንሰማ እትዬ እጃቸውን ለበርሲፍቱ ዘረጉ። «አቁሙኝ» አሉ። ተቀምጠው ቢናገሩም እንደሚሰማ ልነግራቸው ሞከርኩ፤ አልሰሙኝም። ፊታቸውን ታጠቡ። ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አጥብቀው አሰሩ። ሽርጣቸውን አስተካከሉ። በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ገቡ፤ አዛዡ ከኋላቸው ነው። አንደኛው «ምግብ ይገባላችኋል? ችግር አለ?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ የልጃቸውን ሙሉ ስም፣ እስከ አያቱ ድረስ ጠሩ። ዕድሜውን ተናገሩ። የለበሰውን ሸሚዝ ቀለም ተናገሩ። አልጮኹም፤ አላለቀሱም።

«በገበያ ቀን ወጥቶ ቀረብኝ» አሉ። «እናንተ ዘንድ ካለ አለ በሉኝ። ከሌለም የለም በሉኝ። መልሱ እስኪመጣ እታገሣለሁ። ጥየቃየን ግን አልተውም።»

አብራቸው የመጣችው ሴት ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። «ስሙን ይድገሙልኝ፣ እናቴ» አለች። እትዬ ደገሙላት። ጽፋ ስትጨርስ አንብባ አሰማቻቸውና አንዲት ፊደል አስተካከሉላት። ከዚያ ሄዱ። በሩ ሲዘጋ እትዬ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ በርሲፍቱ ትከሻ ላይ ተደግፈው ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

በማግስቱ እኔን ከክፍሉ አወጡኝና ለብቻዬ አደረጉኝ። ዐሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መስኮት የላትም። ሴትዮዋ ፖሊስ ምግብ ስታቀብለኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዛሬም ክኒናቸውን ወስደዋል» ትለኛለች። ዐሥራ አንዱንም ቀን እንዲህ አለችኝ። ያቺን ሴት ከወጣሁ በኋላ ላመሰግናት ፈልጌ ነበር፤ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራለች አሉኝ።

እኔ የተፈታሁት ምንም ሳይነገረኝ ነው። እትዬ ከእኔ ሁለት ሳምንት ዘግይተው ወጡ። በርሲፍቱ ብዙ ቆየች፤ አሁን ሲሬ ተመልሳ ታስተምራለች። ወደ አዲስ አበባ የምሄድ ከሆነ አስቀድሜ እደውልላትና አውቶቡሱ ሲሬ ሲቆም መስኮት ሥር መጥታ ትጠብቀኛለች። አምስት ደቂቃ ነው የምናገኘው። አንዳንዴ ሾፌሩ ቸኩሎ ሁለት ይሆናል። ባለፈው «ተማሪዎቼን ማስታገሻን አስፈታኋቸው» አለችኝ፤ የት እንደተማረችው እንዳልነገረቻቸው ግን ጨምራ ነገረችኝ። ያ ክፍል አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ይህን ለባለቤቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም፤ እስር ቤት ናፈቀኝ ማለት ያሳፍራል። የሚናፍቀኝ መታሰሩ አይደለም። ሰው አጠገብ ሆኜ፣ ምንም ሳልቸኩል፣ እንዴት አደርሽ የተባባልኩት የመጨረሻ ጊዜ ያኔ ይመስለኛል።

እትዬ በየሦስት ወሩ ከአንገር ጉቲን ይመጣሉ። መንገዱ ደኅና ከሆነ ማለት ነው። ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመልሻለሁና ክኒናቸውን ከእኔ ይወስዳሉ። ከዚያ ሻሻቸውን ያስተካክሉና ስለ ልጃቸው ሊጠይቁ ወደዚያው ጣቢያ ይሄዳሉ። እስከ አሁን አለ ወይም የለም ያላቸው ሰው የለም። መጀመሪያ ላይ ብቻቸውን ነበር የሚሄዱት፤ እኔ በዚያ ግቢ በኩል ማለፍ እንኳ እፈራ ነበር። ከአንድ ዓመት ወዲህ ግን አብሬያቸው እሄዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሄድን ጊዜ መዝገብ የምትይዘው ልጅ አዲስ ናት። የእትዬን ስም ጻፈች፣ የልጃቸውን ስም ጻፈች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ፣ ምናቸው ነሽ?»

እትዬን አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ።

«አብረን ታስረን ነበር» አልኳት።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትንሽ አመነታች። ለዚያ የተዘጋጀ ቦታ መዝገቡ ላይ የለም። ቀጥላ ጎንበስ አለችና «ዘመድ» ብላ ጻፈች። አላረምኳትም።